የሸዋፈራሁ ጉበት ጠበቃ

ትንግርት የሰው ጉበት ከመንገድ ማዶ ቆማ ታነባለች። ይህን የምትለው ራሷ ትንግርት ናት፤ ሌላ ምስክር የላትም። ዓይኗን ጠበብ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አላፊ አግዳሚውን አንዴ ትቃኝና «የዚህ ሰውዬ ጉበት ሦስት ዓመት ከቆየ ምን አለ በሉኝ» ትላለች። ወይም ደግሞ «የዚህችማ ጉበት ገና ጡት አልጣለም።» አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ የቀረውን መንገድ ላይ እንደጨረሰች ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች።

«ዘንድሮ መድኃኒቱ የሸዋፌ ነው» አለች አንድ ማለዳ፣ ቦኖ ውሃ ላይ ለተሰለፉት ሴቶች። «ካልሆነ ፀጉሬን ሙልጭ አድርጌ ተላጭቼ ከፊራ ገበያ መሀል እቆማለሁ!»

«ምላጩ ከእኔ» አለቻት እትዬ ጀሚላ፣ ጄሪካኗን በእግሯ ወደፊት እየገፋች።

ሸዋፌ የምትለው ያሳደጋትን አጎቷን፣ ሸዋፈራሁን ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ነው። ድሬዳዋ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይዋ ሰው ስለማታስወጣ፣ መንገዱ ሁሉ ከጣሪያ ጣሪያ በተወጠረ ሸራ ተሸፍኗል። ሸዋፈራሁ ያንን ሸራ ይጠግናል። ከመቅጠኑ የተነሳ ሸራው ላይ ሲራመድ ከሥር ያሉት ሰዎች «ድመት ነው ሸዋፈራሁ?» እየተባባሉ ይወራረዳሉ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ እንጥሉን የቆረጡበት ምላጭ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ይዞበት ገባ። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ታላቅ እህቱ፣ የትንግርት እናት፣ በዚሁ በሽታ ሞታለች። እሷን የያዛት ከእሱ እጅግ ዘግይቶ፣ በአዋቂነቷ ነበር፤ ግን ቀድማው ሄደች። ትንግርት ያኔ ሕፃን ስለነበረች ከዚያ ሁሉ የምታስታውሰው የእናቷን ክንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ከልጅቷ ክንድ ቀጥኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸዋፈራሁ እጅጌውን በጠቀለለ ቁጥር ትንግርት ፊቷን ታዞራለች፤ ከዚያ ደግሞ ቶሎ ብላ አንድ ቀልድ ትፈልጋለች።

ድሮ እድር ሰው ሲሞት ይቀብር ነበር አሉ። የሰፈራቸው የጥላ በር እድር አሁንም ይቀብራል፤ ትልቁ ሥራው ግን ሌላ ነው። በዓመት አንድ እሑድ ማለዳ ድንኳን ይተክልና የሰው ጉበት ያስመዝናል። ቫይረሱን ከደም ጠርጎ የሚያወጣው መድኃኒት ለእድሩ በዓመት የአንድ ሰው ብቻ ይደርሰዋል። ለምን የአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። መድኃኒቱ የሚሰጠው ጉበቱ ወደ ጠባሳነት በፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ነው። ቀስ ብሎ የሚታመም ወረፋ ይጠብቃል።

ስለዚህ ከሚዛኑ በፊት ባለው ወር የሰፈሩ ሰላምታ ይለወጣል።

«ጉበት እንዴት አደረ?»

«ሲጋልብ አደረ፣ ይመስገነው!»

«ኧረ አመድ መስለሃል!»

«አሜን፣ ከአፍሽ ይውጣ።»

ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም የታመመ ለመምሰል የዓይኑን ዙሪያ በእርድ ቢጫ ይቀባል። ምርኩዝ የሚያከራየው ሰውዬ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ሁሉም ወጥቶበታልና። ትናንት ኳስ ሲራገጥ የነበረ ጎረምሳ ዛሬ ግድግዳ እየተደገፈ ይሄዳል። ደህና መምሰል ነውር ነው። «ወፍረሃል» የተባለ ሰው ጠቡ ሽምግልና ሳይገባበት አይበርድም።

በዚያ ወር ውፍረቱን የማይደብቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አንዳርጌ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ነው፤ ዛሬም ሰው ሲያይ ጣቱን እንደ መብሻ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሆዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሳቁ ይከተላል፣ እሱ መጨረሻ ይደርሳል። ቫይረሱ እሱም ላይ አለ። ግን «ዳኛ ራሱን አያስቀድምም» እያለ ሚዛን ወጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ከላይ አዲስ ሕግ መጣ፤ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ፣ ዳኛም ቢሆን፣ ይመዘን ተባለ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ጉበት እንዴት አደረ?» ትለዋለች ትንግርት።

«ቁርሱን በልቶ ተመልሶ ተኛ!» ይላታል፣ በአየር ላይ ትኬቷን እየበሳ።

ትንግርት ጉበቱን ከመንገድ ማዶ አነበበችው። «የሱ ጉበት እኛን ሁላችንንም ይቀብራል» አለች።

ጉበት የምትመዝነው ተናጋሪ ማሽን «ሚዛኗ» ትባላለች፤ እሷ ፊት ማንም ስለ ራሱ አይናገርም። ሰው ስለ ገዛ ጉበቱ እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ይሄ ከተደረሰበት ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ታማሚ ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ ይቆምለታል፤ «አፍ» ይባላል። አፍም ቢሆን መዋሸት አይችልም። ሚዛኗ ውሸት ከድምፅ ትለያለች፤ ዋሽቶ ቶሎ ያላረመ አፍ የቆመለትን ሰው ከወረፋው ያሰርዘዋል። ትንግርት የሸዋፈራሁ አፍ ናት። ጉበትን ወደ ጠባሳ የሚያፋጥነው ምን እንደሆነ ጠይቃ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ። ችግሩ ሸዋፈራሁ በዕድሜው ጠላ እንኳ አልቀመሰም።

«ሸዋፌ፣ ሳል ይዞሃል» አለችው ወሩ እንደገባ፣ ሎሚና ማር የገባበት ብርጭቆ አስይዛው።

«አልያዘኝም።»

«ይመጣል። ጠጣ።»

ጠጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ነገር እስከ እግር ጥፍሬ ድረስ ወረደ እኮ!»

«ሳሉን እየፈለገው ነው» አለች ትንግርት፣ የካቲካላውን ጠርሙስ ከጀርባዋ እንደያዘች።

መዋሸት አልፈለገችም፤ እውነቱን መሥራት ነው የፈለገችው። አንድ ወር ምን ያደርጋል? መድኃኒቱ ሲመጣ ሁሉንም ጠራርጎ ያወጣዋል። ብዙም ሳይቆይ ሸዋፈራሁ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ «ኡሁ ኡሁ» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ሸራው ላይ ሆኖ እየዘፈነ እግሩን መምታት ጀመረ፤ ሰፈሩ ዝናብ መጣ ብሎ ቀና ሲል ሸዋፈራሁ ነው። አንድ ጠዋት ላይ ግን ቀኝ ጎኑን ይዞ ቆሞ አየችው። ፊቷን አዞረች። ቀልድ ፈለገች፤ ቶሎ አልመጣላትም።

የሚዛኑ ዕለት ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሚዛኗ በጎማ የምትሄድ፣ ከፍየል ከፍ የምትል ሣጥን ናት። ግንባሯ ላይ የመስታወት ቱቦ አለ፤ ቀይ ብርሃን ይወጣበታል፣ ይወርድበታል። ብርሃኑ ከፍ ባለ ቁጥር ጉበቱ ፈጥኗል ማለት ነው፤ ሰዉም እንደ ኳስ ሜዳ ይጮሃል። ሚዛኗ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» ትላለች። ድሬ ደግሞ አንቱታ አይወድም፤ «እርስዎ» በተባለ ቁጥር ከኋላ አንድ ሰው ይንተከተካል።

ዘንድሮ የቀረቡት አምስት ሰዎች ናቸው። እትዬ ጀሚላ ቀድማ ወጣች፤ አፏ ባሏ ነው። ባሏ እያለቃቀሰ ብዙ ተናገረ። ቱቦው ትንሽ ወጣ አለና ቆመ።

«ሴት በመሆንዎ ጠባሳው ከወንድ ይልቅ ይዘገያል» አለች ሚዛኗ።

«በዚህም ወንድ ሊቀድመን?» አለች እትዬ ጀሚላ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እየተራገመች ወረደች፤ ምርኩዟንም ረስታው ሄደች።

ሌሎቹ ሁለቱ ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ፤ ብርሃኑ ከቱቦው ግርጌ አልተነሳላቸውም። የሸዋፈራሁ ተራ ደረሰ። ትንግርት አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች።

«ጎረቤቶቼ! ቫይረሱ እዚህ ሰው ላይ ስንት ዓመት ተቀመጠ? አርባ ስምንት ዓመት! የቤት ኪራይ ቢከፍል ኖሮ ሀብታም ነበርን!»

ብርሃኑ ወጣ። ሰዉ ጮኸ።

«ሲይዛቸው ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለች ሚዛኗ።

«አራት! በሕፃን ላይ! ግፍ አይደለም?»

ብርሃኑ ቁልቁል ተንሸራተተ። «በልጅነት የገባ ቫይረስ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አለች ሚዛኗ።

ትንግርት ጣቷን ወደ ሸዋፈራሁ ቀሰረች። «ግን ሰውነቱን እዩት! ሸራ ላይ ድንጋይ ካልታሰረለት ንፋስ ይወስደዋል እኮ!»

ብርሃኑ እንደገና ወረደ። «ቀጭን መሆናቸው ይጠቅማቸዋል። ጉበታቸው ላይ ስብ የለም። የስኳር በሽታስ?»

«እሱስ የለበትም» አለች ትንግርት በቀጭን ድምፅ።

ወረደ።

«መጠጥ?»

«አዎ!» ትንግርት ወንበሩ ላይ ዘለለች። «ይጠጣል! በየቀኑ! ካቲካላ!»

ድንኳኑ «ኧረ!» አለ። ሸዋፈራሁ ለስብሰባ ጠላ ሲቀዳ ብርጭቆውን ደፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ብርሃኑ ሽቅብ ተተኮሰ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ትንግርት ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች። ሚዛኗ ጠበቀች፤ ለሚዛኗ ጊዜ ምኗም አይደለም።

«ከ… አንድ ወር።»

ሳቁ ሸራውን አንቀጠቀጠው። «የሳል መድኃኒት ነው ያለችኝ!» አለ ሸዋፈራሁ፣ ለማንም ሳይሆን። ብርሃኑ እየተንቀረፈፈ ወርዶ ከመካከል በታች ቆመ። ከሣጥኗ ጎን ለስላሳ እጅ ወጥቶ የሸዋፈራሁን ቀኝ ጎን ተጫነው።

«ጉበታቸው ለስላሳ ነው፤ ከራሳቸው ይልቅ ወጣት ነው። የተቆጣው ካለፈው ወር ወዲህ ነው። ከመጠጥ ይራቁ። ፍጥነት፦ ቀርፋፋ።»

«ቀርፋፋ! ቀርፋፋ!» አሉ ልጆቹ። ሸዋፈራሁ አንገቱን ደፋ። ከአፍታ በኋላ ግን «ወጣት ነው አለች?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሰም አደረገው።

ትንግርት ቱቦው ላይ የአራቱን ሰዎች መስመር አስተያየች። ቢሆንም፣ ከተመዘኑት አራት ሰዎች ከፍ ያለው የሸዋፌ ነው! በአንድ ጣት ያህል፣ በዚያች ካቲካላ ያህል፣ ግን ከፍ ያለው እሱ ነው። የቀረው ጋሽ አንዳርጌ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሆዱን እያሻሸ፣ አየር ላይ ትኬት እየበሳ ወደ ሚዛኗ ይንደረደራል።

«አፍዎ ማን ነው?» አለች ሚዛኗ።

«አፍ አላመጣሁም። ያለኝም ከበቂ በላይ በልቶ ነው ለዚህ ያደረሰኝ» አለ ጋሽ አንዳርጌ።

«እኔ!» አለች ትንግርት። «እኔ አፍ እሆነዋለሁ!»

ሰዉ ተያየ። ትንግርት ግን አስልታዋለች። ሌላ ሰው አፍ ቢሆነው አዝኖለት ብርሃኑን ከፍ ያደርግለታል። እሷ ደህንነቱን ፀሐይ ላይ አስጥታ ታሳያለች፤ ብርሃኑም ከሸዋፌ በታች ይቀራል፤ በቃ፣ አለቀ።

«ሲይዛቸው ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«የሱማ ትናንት ነው!» ትንግርት እጇን አወናጨፈች። «ሃምሳ ዓመት ሞልቶት፣ መንገድ ላይ ጥርስ አስነቅሎ ነው የያዘው። ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ! የሸዋፌ አርባ ስምንት የት፣ የሱ አሥራ ሦስት የት!»

ብርሃኑ ዘለለ። ትንግርት ሣጥኗን በጥርጣሬ አየቻት።

«ከአርባ ዓመት በኋላ የገባ ቫይረስ ይጣደፋል» አለች ሚዛኗ። «ክብደት?»

«እዩታ!» አለች ትንግርት፤ አሁን ድምፅዋ ልመና ገብቶበታል። «መቶ ሃያ ኪሎ! በሽተኛ ሰው እንዲህ ያምርበታል? ጉንጩን እዩት!»

ብርሃኑ እንደገና ዘለለ። አሁን የሚጮህ ሰው የለም።

«ስብ ጉበታቸው ላይ ተቀምጦ ጠባሳውን ያግዘዋል። የስኳር በሽታ?»

ትንግርት ወደ ጋሽ አንዳርጌ ዞረች። «የለብህም፣ አይደል? የለብኝም በለኝ።»

«ትንሽ አለች» አለ ጋሽ አንዳርጌ፤ ፈገግታው ቦታውን ስቶ ነበር። «አላስቸገረችኝም።»

ብርሃኑ የሸዋፈራሁን መስመር አልፎ ሄደ።

«መጠጥ?»

«አይጠጣም!» አለች፤ ሚዛኗ ለማስጠንቀቅ ጢጥ አለች። ትንግርት ደንግጣ ቶሎ አረመች። «ማለቴ፣ ከምሳ ጋር አንድ ቢራ። ከባቡር ዘመኑ ጀምሮ፤ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ አንድ ብቻ…»

«ሁለት» አለ ጋሽ አንዳርጌ።

ለስላሳው እጅ ወጥቶ ቀኝ ጎኑን ተጫነ። ሆዱ ወፍራም ስለሆነ ቆየ።

«ጉበታቸው ደድሯል» አለች ሚዛኗ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደምትናገር ሁሉ። «በዚህ አካሄድ ሁለት ዓመት። ፍጥነት፦ አንደኛ።»

እልል የሚባለው እዚህ ላይ ነበር። ማንም አላለም። ለዓመታት «አማረብህ» ሲሉት የኖሩ ሰዎች እግራቸውን አዩ። ጋሽ አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሙ፣ ሣጥኗ ሙቀት መትቷት ነው። መድኃኒቱን ለሸዋፈራሁ ስጡት። ልጅ ያሳድጋል። ዳኛ ራሱን አያስቀድምም።»

«ተራ መልቀቅ ይፈቀዳል» አለች ሚዛኗ። «አፉ ከተስማማ።»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ ትንግርት ዞረ።

ትንግርት አግዳሚው ላይ ቆማለች። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው፤ «እሺ»። ዓመቱን ሙሉ የለመነችው ነገር ምላሷ ላይ ተቀምጧል። ሸዋፈራሁን አየችው፤ ቀጭን ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። ጋሽ አንዳርጌን አየችው። የሱ ክንድ የእናቷን ክንድ አይመስልም፤ ወፍራም፣ ላብ ያወረዛው፣ የሚያምር ክንድ ነው። ጣቶቹ ግን ምንም ሳይበሱ፣ አየር ላይ ቆመው ቀርተዋል።

«እሺ በይ፣ ልጄ» አለ ጋሽ አንዳርጌ በቀስታ።

«እምቢ!» አለች ትንግርት። ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ወጣ። «አፍህ ማን ነው? እኔ ነኝ! እምቢ ብያለሁ! ዝም ብለህ ዋጥ፣ ጋሽ አንዳርጌ! ቢራውንም ታቆማለህ፣ ሁለቱንም!»

ያኔ እልልታው ፈነዳ። እትዬ ጀሚላ ጋሽ አንዳርጌን አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ አንዱ ጎረምሳ ምርኩዙን ወርውሮ ዳንኪራ መታ። ጋሽ አንዳርጌ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ከዚያም ሳቀ፣ ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። ሲወጡ ትንግርትን ጠርቶ መዳፏን በጣቱ ጠቅ አደረገው። «በነፃ ትሄጃለሽ» አላት፤ «ዕድሜ ልክሽን።»

ፀሐይዋ ሳትበረታ ሸዋፈራሁና ትንግርት በሸራው ጥላ ሥር ወደ ቤት አዘገሙ። «ዘንድሮ አልደረሰህም» አለች ትንግርት፣ መሬት መሬት እያየች።

«ጉበቴ ወጣት ነው ተብሏል። ይጠብቃል።»

ይህን ስትሰማ እርምጃዋ ቀለለ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ አንገቷ ተመልሶ ቀና ብሎ ነበር፤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ መናገር ጀመረች።

«ቆይ ግን ሸዋፌ፣ አስበው እስቲ። እነዚያን ነገሮች እኔ ባልናገርለት ኖሮ ማን ያውቅለት ነበር? ሰውዬው እየሳቀ አልቆለት ነበር እኮ! አንድ ሰው ከሞት አፍ አወጣሁ! በጉበት ነገር ከእኔ ወዲያ ላሳር!»

ሸዋፈራሁ ቆመ። ቀኝ ጎኑን አሻሸ፤ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ቫይረሱ አርባ ስምንት ዓመት ለፍቶ ያላደረሰብኝን፣ አንቺ በአንድ ወር የሳል መድኃኒት ልታደርሺብኝ ነበር» አላት። «ይልቅ ወደ ከፊራ ዙሪ፤ ጀሚላ ምላጩን ይዛ ቆማለች።»